ስዊድኖች ከእግዚአብሔር ጋር አልተጣሉም

(በስቶክሆልም ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆችና ወጣቶች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «የእምነት መዳከምና የኢ-አማኝነት መስፋፋት» የሚል ነው። ይህን ርእስ ይዞ ዓለምን ላዳርስ ያለ ሰው ሲናገር ቢያድርም አይጨርስ። ስለዚህ የምንኖርበትን፣ ግብር የምንከፍልበትን፣ ልጆቻችንን ትምህርት ቤት የምንልክበትን ስዊድንን ልያዝ። ወደ ሌላ አገር የምሻገረው ስዊድን ብቻዋን የማትመልሰው ጥያቄ ሲመጣ ነው።

እኔ አማኝ ነኝ። ይህን የምነግራችሁ የምትሰሙት ሰው ከየት ወገን እንደቆመ ማወቃችሁ ደግ ስለሆነ ነው፤ ልሰብካችሁ ግን አልመጣሁም። እዚህ አዳራሽ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም አለ። ከኋላ ጥግ ጥጉን ይዛችሁ ከተቀመጣችሁት ወጣቶች መካከል ደግሞ «እኔ ከሁሉም የለሁበትም» የሚል እንደማይጠፋ እገምታለሁ። እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ዛሬ በዋናነት የምናወራው ስለ እናንተ ነው።

ኢ-አማኝ ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ ድቅን የሚለው ተከራካሪ ሰው ነው። ዩቲዩብ ላይ ከቄስ ወይም ከኡስታዝ ጋር የሚሟገት፣ ዝግመተ ለውጥን የሚያነሳ፣ በጸሎት የሚያሾፍ። ልጆቻችን በእንዲህ ያለ ሰው እጅ እንዳይወድቁ እንፈራለን። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ እዚህ አገር አሥርም ሃያም ዓመት የኖራችሁ አላችሁ። እንዲህ ያለ ስዊድናዊ ስንት ጊዜ ገጥሟችኋል? ሥራ ቦታ አጠገባችሁ የሚቀመጠውን ሰው «በእግዚአብሔር ታምናለህ?» ብትሉት ክርክር አይገጥማችሁም። ደመወዙን የጠየቃችሁት ያህል ይሸማቀቃል። ትንሽ ዝም ይልና «እኔ እንጃ፣ አስቤበትም አላውቅ፤ የሆነ ነገርማ ሳይኖር አይቀርም» ብሎ ወሬውን ወደ አየሩ ጠባይ ይመልሰዋል። እኔ እንደማየው ስዊድኖች ከእግዚአብሔር ጋር ተጣልተው አያውቁም። ተራርቀው ነው የቀሩት። እንዴት ተራራቁ የሚለውን ነው ዛሬ የማወራው።

ቁጥሩን ቶሎ ልበልና ልለፈው። በ1972 ከመቶ ነዋሪ 95ቱ የመንግሥት የነበረችው ሉተራኗ የስዊድን ቤተ ክርስቲያን አባል ነበር። ቤተ ክርስቲያኗና መንግሥት በተለያዩበት በ2000 ዓ.ም. 83 ገደማ ሆነ። ዛሬ ከግማሽ ጥቂት ብቻ ከፍ ያለ ነው፤ አምስት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው ማለት ነው። ለዚህ ቅነሳ እኛም አስተዋጽኦ አለን። ከአምስት ነዋሪ አንዱ ያህል ውጭ አገር የተወለደ ነው፤ ሶርያዊው፣ ሶማሌው፣ ኤርትራዊው፣ እኛም ወደ ሉተራኗ ቤተ ክርስቲያን አልገባንም፤ የራሳችንን ይዘን ነው የመጣነው። ስለዚህ «ስዊድን ሃይማኖት ጠፋባት» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ የየትኛውን ሰፈር ማለቱ እንደሆነ ጠይቁት።

ደግሞ አባልነትና እምነት አንድ አይደሉም። እስከ 1996 ድረስ ከወላጆቹ አንዱ አባል የሆነ ልጅ ሲወለድ ጀምሮ አባል ነበር፤ ጥምቀትም አያስፈልገው። ከዚያ ወዲህ ነው አባል ለመሆን መጠመቅ ግድ የሆነው። አባል የሆነ ሰው ከገቢው በመቶ አንድ ገደማ ከግብሩ ጋር ይቆረጥበታል። ሰውየው ስለ ቤተ ክርስቲያኗ የሚወስንበት ቀን ፋሲካ ወይም ገና አይደለም፤ የግብር ወረቀቱን ያየ ቀን ነው። ለመውጣት ከማንም ጋር መሟገት የለበትም፤ ቅጽ ሞልቶ ይፈርማል፣ አለቀ። ብዙዎች የወጡት እንዲህ ነው። ብዙዎች ያልወጡት ደግሞ አያታቸው የተቀበሩበት ደብር እንዳይፈርስ ብለው ነው።

አሁን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚያ ነው።

በ1686 የወጣው የቤተ ክርስቲያን ሕግ ካህኑ የምእመኑን እውቀት እንዲመረምር ያዝዛል። ከዚህ የተነሳ እያንዳንዱ ገጠር «ሁስፈርኸር» የሚባል የቤት ለቤት ምርመራ ነበረ። ካህኑ ወደ መንደሩ ይመጣል፤ አባወራው፣ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ ሎሌውና ገረዷ ሳይቀሩ ይሰበሰባሉ። አንብቡ ይባላሉ። የሉተርን ትንሹን ካቴኪዝም፣ ማለትም በጥያቄና መልስ የተጻፈውን የእምነት ትምህርት፣ በቃል ይጠየቃሉ። ካህኑ ትልቅ መዝገብ አለው፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር፣ ለንባቡ አንድ ዓምድ፣ ለትምህርቱ ሌላ ዓምድ፤ ያወቀው ልክ በምልክት ይሰፍርለታል። ካቴኪዝሙን ያላወቀ ሰው ለቁርባን አይቀርብም፤ ለቁርባን ያልቀረበ ደግሞ ማግባት ይቸግረዋል። መዝገቦቹ ዛሬም አሉ፤ ኢንተርኔት ላይ ተጭነዋል። ስዊድኖች አሁን የሚገልጧቸው የአያት ቅድመ አያታቸውን ስም ፍለጋ ነው። በነገራችን ላይ የስዊድን ገበሬ ከብዙ የአውሮፓ ገበሬ ቀድሞ ማንበብ የቻለው በዚሁ ምርመራ ምክንያት ነው፤ ግዴታውን ስንወቅስ ይህንንም አንርሳ።

በ1726 ደግሞ ሌላ አዋጅ ወጣ። ካህን በሌለበት ሰዎች ቤት ውስጥ ተሰብስበው መጽሐፍ ቅዱስ እንዳያነቡ፣ እንዳይጸልዩ ከለከለ። የጣሰ ይቀጣል፤ ይታሰራል፤ ካልተመለሰም ከአገር ይባረራል። አዋጁ እስከ 1858 ጸንቶ ኖረ። በ1860 ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን መውጣት ተፈቀደ፤ ግን ወደ ሌላ እውቅና ወዳለው ሃይማኖት ለሚገባ ብቻ። «እኔ አላምንም» ብሎ እንዲሁ መውጣት የተፈቀደው በ1952 መጀመሪያ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ ነው። አስቡት፤ መኪናና ሬዲዮ በነበረበት ዘመን፣ በዚህ በሠለጠነ አገር፣ የማያምን ሰው በሕግ አማኝ ነበረ።

እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልጣል። በአንድ በኩል በቤቱ ሞቅ አድርጎ የሚጸልየው ሰው ይቀጣል፤ በሌላ በኩል ምንም የማይሰማው ሰው በግድ አባል ሆኖ ይቀመጣል። እንዲህ ዓይነት ቤት ከውጭ ሲያዩት ጠንካራ ይመስላል። 95 በመቶ የሚለውን ቁጥር ሳይ የሚታየኝ ይህ ነው። ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ እምነት፣ ምን ያህሉ መዝገብ እንደነበረ የሚለይ የለም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ጩኸት የለውም፤ ለዚህም ነው ብዙ ሰው የማያየው። በድሮው ደብር ካህኑ ቀዳሽ ብቻ አልነበረም። ድሃ የሚረዳው፣ ትምህርት ቤቱን የሚቆጣጠረው፣ የተወለደውንና የሞተውን የሚመዘግበው እሱ ነው። በ1862 የማዘጋጃ ቤት አስተዳደር ከደብሩ ተነጠለ። በ1919 የሉተር ካቴኪዝም ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ወጣ። በ1969 የክርስትና ትምህርት ስለ ሃይማኖቶች ሁሉ የሚያስተምር ክፍለ ጊዜ ሆነ፤ ልጆቻችሁ ዛሬ ስለ እስልምናም ስለ ቡድሂዝምም የሚማሩበት ማለት ነው። እዚህ ያላችሁ ሁሉ መጀመሪያ እንደመጣችሁ ግብር መሥሪያ ቤቱ፣ ስካተቬርኬት፣ ወረፋ ይዛችሁ ተመዝግባችኋል። ያን የሕዝብ ምዝገባ ሥራ እስከ 1991 አጋማሽ ድረስ ይሠራ የነበረው የደብሩ ጽሕፈት ቤት ነው! ከሠላሳ አምስት ዓመት በፊት ብትመጡ ኖሮ አድራሻ ለመቀየር የምትሄዱት ወደ ቤተ ክርስቲያን ቢሮ ነበር።

ቤተ ክርስቲያኗን የዘረፋት የለም። ሥራዋ አንድ በአንድ ወደ መንግሥት ቢሮ ተዛወረ፤ መንግሥትም ሥራውን አሳምሮ ሠራው። ከሥራው ጋር ሰው ወደ ደብሩ የሚመላለስበት ምክንያትም ተዛወረ። የቀራት ጥምቀት፣ ሠርግና ቀብር ነው፤ እነሱም ተራ በተራ መቅለል ጀመሩ። በ1970 ገደማ ከአሥር ሕፃናት ስምንቱ ይጠመቁ ነበር፤ ዛሬ አራት ቢሆኑ ነው።

ክርክር አልነበረም ማለቴ ግን አይደለም። በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ኢንጌማር ሄዴኒዩስ የሚባል የፍልስፍና መምህር ነበረ። በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ የክርስትና ትምህርት በምክንያት ፊት አይቆምም ብሎ ተከራከረ፤ ጋዜጦቹ ለዓመታት ተነታረኩበት፤ ጳጳሳትም መለሱለት። በአገሩ የአስተሳሰብ ታሪክ ትልቅ ቦታ አለው። ነገር ግን እሑድ እሑድ ወንበሮቹ ባዶ መሆን የጀመሩት ሄዴኒዩስ ብዕሩን ከማንሳቱ ከብዙ ዓመት በፊት ነው። እሱ የረዳው አስቀድመው ለራቁት ሰዎች መራቃቸውን በፍልስፍና ቋንቋ እንዲናገሩት ነው።

ታዲያ ምን ራቀ? ዴቪድ ቮስ የሚባል የሕዝብ ጥናት ምሁር በአውሮፓ መረጃ ላይ ሲሠራ አንድ ነገር ደጋግሞ አሳይቷል። ሰዎች ካደጉ በኋላ ብዙም አይለወጡም፤ በሃያ አምስት ዓመቱ የሚያምን በስድሳውም ያምናል፣ በሃያ አምስቱ የማይሄድ በስድሳውም አይሄድም። የሚለወጠው ትውልዱ ነው። እያንዳንዱ ትውልድ ከወላጆቹ ጥቂት ቀነስ አድርጎ ይጀምራል። በስዊድን ቤት ውስጥ ይህ ምን እንደሚመስል እንየው። አያትየዋ እሑድ እሑድ ትሄዳለች፣ ማታም ጸሎት ታደርሳለች። ልጇ በገናና በሠርግ ትሄዳለች፤ ልጆቿን ግን ታስጠምቃለች፣ እናቷ ታዝናለቻ! የልጅ ልጇ ቤተ ክርስቲያን የምትገባው ትምህርት ሲዘጋ ክፍሏ ሁሉ ተሰልፎ ለመዘመር ሲወሰድ ነው። የእሷ ልጅ ደግሞ ሕንፃውን ያውቀዋል፤ አውቶቡስ የሚቆምበት ፌርማታ ስሙን ከዚያ ወስዷል። ከአራቱ አንዳቸውም «ካድኩ» አላሉም። ከአራቱ አንዳቸውም ከእናታቸው ጋር አልተጣሉም።

ሌሎች ምሁራን ምክንያቱን በኑሮ መደላደል ያዩታል። ፒፓ ኖሪስና ሮናልድ ኢንግልሃርት የተባሉት ሰዎች፣ ረኃብና ወረርሽኝ የማያስፈራው፣ ቢታመም የሚታከም፣ ሲያረጅ ጡረታ የሚጠብቀው ሕዝብ ወደ ላይ ማንጋጠጡን ይቀንሳል ይላሉ። ስዊድንን ላየ ሰው ይህ እውነት ይመስላል። አሜሪካ ግን ሀብታም ሆና ሳለ ለረጅም ጊዜ አጥባቂ ሆና ቆየች፤ ስትቀንስ ደግሞ ባንዴ ቀነሰች። በጋሉፕ መጠይቅ መሠረት በ1999 ከመቶ አሜሪካዊ 70ው የአንድ ቤተ እምነት አባል ነበር፤ በ2020 47 ብቻ። በእነዚያ ሃያ ዓመታት የአሜሪካዊው ኑሮ ያን ያህል ተደላደለ የሚል ካለ እጁን ያውጣ። ምቾት ያግዛል፤ ብቻውን ግን አያስረዳም።

ስለ ስዊድኖች «ረስተዋል» ስል የማይመቸኝ አንድ ነገር አለ፤ ሳልነግራችሁ ባልፍ አድልዎ ይሆንብኛል። ሴፕቴምበር 28 ቀን 1994 ሌሊት ከታሊን ወደ ስቶክሆልም ትመጣ የነበረችው ኢስቶኒያ የምትባል መርከብ ባልቲክ ባሕር ላይ ሰጠመች። 852 ሰው ሞተ፤ ከነዚያ 501ዱ ስዊድናውያን ነበሩ። በዚያ ሳምንት ስዊድኖች ምን አደረጉ መሰላችሁ? ቤተ ክርስቲያኖቹ ተከፈቱ፣ ሰውም ገብቶ ሞላቸው። ዓመቱን ሙሉ ደጁን ረግጠው የማያውቁ ሰዎች ሻማ አበሩ፣ ተቀምጠው አለቀሱ። ግሬስ ዴቪ የተባለች እንግሊዛዊት የሃይማኖት ማኅበረሰብ ተመራማሪ ይህንን ክስተት ታነሳዋለች። በእሷ አነጋገር ብዙው ሕዝብ ጥቂቶች ስለ እሱ እንዲጸልዩለት ትቶላቸዋል፤ የእርሱ ድርሻ ቤቱ እንዳይዘጋ መፈለግ ነው። ትክክል ይመስለኛል። የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፤ በ1994 ሻማ ለማብራት የገባው ሰው ልጅ ሆኖ የተማረው መዝሙር ነበረው። ዛሬ የሃያ ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ሐዘን ቢደርስበት ሻማውን ያበራል፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚባል ግን ያስተማረው የለም።

አሁን ስዊድንን ከእኛ ጋር የሚያገናኘውን ክር ልምዘዝ። በ1726ቱ አዋጅ ሲሳደዱ የኖሩት፣ በየቤቱ ተሰብስበው መጽሐፍ የሚያነቡት ሰዎች መንፈስ በ1856 አንድ ማኅበር ወለደ፤ የስዊድን ወንጌላዊ ማኅበር። ማኅበሩ የላካቸው ሦስት ሚሲዮናውያን በ1866 ምጽዋ ደረሱ። ዓላማቸው ወደ ኦሮሞ ምድር መድረስ ነበር፤ መንገዱ ስለተዘጋባቸው ቀይ ባሕር ዳርቻና ኩናማ አካባቢ ቀሩ፤ አንዳንዶቹም በበሽታና በግድያ አለቁ። በባርነት ተሸጦ ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብ ግን ከእነሱ ዘንድ ተማረ፣ ስዊድን ድረስ መጣ፣ ተመልሶም ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ፤ በ1899 ታተመ። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1959 ስትመሠረት ሃያ ሺሕ ገደማ ምእመን ነበራት። ዛሬ በራሷ መረጃ ከአሥር ሚሊዮን በላይ ናት፤ ሚሲዮናውያኑ የመጡባትን የስዊድንን ቤተ ክርስቲያን እጥፍ ያህል። በ2013 ደግሞ በጋብቻ ትምህርት ሳቢያ ከስዊድን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ኅብረት አቋረጠች። ልጅቷ እናቷን «መንገድ ስተሻል» አለቻት ማለት ነው። በዚያ ክርክር ማን ትክክል እንደሆነ የዛሬ ርእሳችን አይደለምና አልገባበትም።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ስንሰማ ደስ ይለናል። «ፈረንጅ ጣለው፣ እኛ ያዝነው» እንላለን። ቀጥሎ የምናነሳው ደግሞ ደርግን ነው። ደርግ ሳይንሳዊ ሶሻሊዝም አስተማረ፤ ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን ከመንበራቸው አውርዶ በ1979 ገደላቸው፤ በዚያው ዓመት የመካነ ኢየሱስን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳን አፍኖ ገደለ። በ1982 የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ዘጋ፤ ንብረቷን ወረሰ፤ መሪዎቿን አሰረ። ስትዘጋ አባላቷ አምስት ሺሕ ገደማ ነበሩ፤ ደርግ ወድቆ ከየቤቱ ሲወጡ ከሠላሳ ሺሕ በላይ ሆነው ተገኙ። እሑድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ እየተጠራባቸው እንኳ እናቶቻችን ኪዳን አድርሰው ነበር የሚሄዱት። ከዚህ ተነስተን «ስደት እምነትን ያጠነክራል» እንላለን። እኔም ለረጅም ጊዜ ስሰማው የኖርኩት ንግግር ነው።

ምሥራቅ ጀርመንን ላየ ሰው ግን ይህ ንግግር አይሠራም። በ1950 በምሥራቅ ጀርመን ከአሥር ሰው ዘጠኙ የቤተ ክርስቲያን አባል ነበረ፤ አብዛኛው የሉተር አገር ፕሮቴስታንት። በ1989 ግንቡ ሲፈርስ ከሦስት ሰው አንድ እንኳ አልቀረም። ዛሬም፣ ነጻነት ከመጣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖት፣ በዓለም ላይ ሰው እምነት የለኝም ከሚልባቸው ቀዳሚ አካባቢዎች አንዱ ነው። ለምን ደርግ ያልተሳካለት እዚያ ተሳካ?

መልሱ ያለው በአሥራ አራት ዓመት ልጆች ላይ ይመስለኛል። በሉተራን ባህል ልጅ አሥራ አራት ገደማ ሲሞላው ተምሮ እምነቱን በጉባኤ ፊት ያጸናል፤ ቤተሰቡም ይደግሳል። የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ «ዩገንድቫይኸ» የሚባል የራሱን በዓል በዚያው ዕድሜ ላይ አስቀመጠ። ልጆቹ አዲስ ልብስ ለብሰው የባህል አዳራሽ ይገባሉ፤ ሙዚቃ ይመታል፤ ለሶሻሊዝም ቃል ይገባሉ፤ መጽሐፍና አበባ ይሰጣቸዋል፤ ከዚያ ቤት ሄደው ከአያትና ከአክስት ጋር ይበላሉ፣ ስጦታ ይቀበላሉ። ያልተካፈለ ልጅ ከፍተኛ ትምህርት የማግኘት ዕድሉ ይጠባል። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ አብዛኛው ልጅ ወደዚያ ሄደ። ይገርማችኋል፤ መንግሥቱ ከፈረሰ በኋላም በዓሉ አልቀረም፤ ቃለ መሐላው ወጥቶለት ዛሬም በየዓመቱ ብዙ ሺሕ ልጆች ያከብሩታል።

ደርግ ቤተ ክርስቲያንን ዘጋ፣ ሰው አሰረ፣ ገደለ። ለክርስትና ግን ምትክ አላዘጋጀም። ለተዝካር ምትክ አልነበረውም። ጽዋ ማኅበሩን፣ ሰንበቴውን፣ እድሩን፣ የረመዳንን ማፍጠሪያ የሚተካ አንድም ነገር አላመጣም። ሬሳ ሲወጣ ካድሬው ንግግር ያደርጋል፤ ፍትሐቱን ግን ቄሱ ያደርሳል። ቤት ውስጥ ደግሞ ሐሙስ ማታ እናት «ነገ ዓርብ ነው፣ ወተት እንዳትነኩ» ትላለች። አሥራ ሰባት ዓመት ይህን ለመንቀል አልበቃም። ምናልባት አርባ ዓመት ይበቃ ነበር፤ ማን ያውቃል።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንምጣ፤ ይህን ሁሉ ያወራሁት ለዚህ ነው። በ2007 በተካሄደው የኢትዮጵያ ሕዝብ ቆጠራ 43.5 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 34 በመቶ ገደማው ሙስሊም፣ 18.6 በመቶው ፕሮቴስታንት ነበር። ሃይማኖት የለኝም የሚል ሰው ቢኖር «ሌላ» ከሚለው ትንሽ ቁጥር ውስጥ ተጠቃሎ ነው የሚገኘው። አገር ቤት አላምንም ማለት ውድ ነው፤ ሠርግህ፣ ለቅሶህ፣ ጉርብትናህ፣ የቤት ኪራይህ ሳይቀር ይነካል። ስለዚህ አገር ቤት ያለ የማያምን ወጣት ዝም ይላል፤ ነጠላውን አጣፍቶ ደጀ ሰላም ይቆማል። እዚህ የተወለደው ልጃችን ግን ዝም የሚልበት ምክንያት የለውም። የክፍል ጓደኞቹ ግማሾቹ የየትም ሃይማኖት አይደሉም፤ ማንም አይገስጻቸውም።

የኛ ልጅ እምነቱን የሚያጣው ኢንተርኔት ላይ ካገኘው ተከራካሪ ነው ብለን እንፈራለን። እኔ የማየው ሌላ ነው። እናት የማታ ተረኛ ናት፤ አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። አባት ታክሲ ይነዳል፤ ቅዳሜና እሑድ ነው ገንዘብ የሚገኘው። ቅዳሴው የሚቀደሰው ከስዊድን ቤተ ክርስቲያን በተከራየነው ሕንፃ ነው፤ እነሱ እስኪወጡ እንጠብቃለን ወይም እነሱ ሳይገቡ እንጨርሳለን። ቅዳሴው በግዕዝ ነው፤ ስብከቱ በአማርኛ፤ ልጁ የሚያስበው፣ የሚያልመው፣ የሚናደደው በስዊድንኛ ነው። ከሦስት ሰዓት ቅዳሴ በኋላ «ምን ተባለ?» ብትሉት ትከሻውን ይሰብቃል። በዓሉን ይወዳል፤ ዶሮውን ይወዳል። «ለምን እንጾማለን?» ሲል «ዝም ብለህ ጹም» እንለዋለን፤ የምንመልሰው አጥተን ነው። ያቺን የስዊድኗን አያትና ልጇን አስታውሱ። እነሱ በመቶ ዓመት የሄዱትን መንገድ እኛ በአንድ ትውልድ ልንጨርሰው እንችላለን፤ ልጆቻችን ቋንቋውም አብሮ ስለሚያንሳቸው።

መስጊድ የምትሄዱት ከዚህ ነጻ ነን ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ቁርኣን በቃሉ የሚያነበንብ፣ ትርጉሙን ግን ጠይቆ የማያውቅ ልጅ እናንተም ቤት አለ።

ንግግሬ እዚህ ላይ ያበቃል። ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱን ብቻ ላስፍር።

አንዲት እናት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃቸው «ከእንግዲህ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም» እንዳላቸው ነገሩኝና «ልተወው ወይስ ላስገድደው?» አሉ። እንዲህ አልኳቸው፦ «እኅቴ፣ ስዊድኖች ሦስት መቶ ዓመት አስገድደው ያተረፉትን አይተዋል። መጀመሪያ ይጠይቁት፤ አላምንም ማለቱ ነው ወይስ አይገባኝም ማለቱ? ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። አይገባኝም ካለ ጥፋቱ የኛ ነው፤ በሚገባው ቋንቋ የሚያስረዳው ሰው እንፈልግለት። አላምንም ካለ ደግሞ ውሸት ሳይዋሽዎት ፊት ለፊት ነግሮዎታል። እንዲህ የነገረዎትን ልጅ እራት ላይ አይኩርፉት።» አንድ አባት «እንዲህ እየተባለ ነው ልጅ የሚጠፋው» ብለው ከመቀመጫቸው ተቃወሙኝ፤ ጥቂት ሰውም አጨበጨበላቸው። ሐሳባቸውን አከብራለሁ፤ አቋሜን ግን አልቀየርኩም።

ሁለተኛውን የጠየቀው ከኋላ የተቀመጠ ወጣት ነው። «እሺ፣ እግዚአብሔርን የማያምን ሰው ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል ወይ? ቤታችን ውስጥ እንደማይችል ነው የሚነገረን» አለ። ይችላል አልኩት። ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ አያስኬድም፤ ለሐኪሙ ጉቦ ሳይሰጡ የሚታከሙበት፣ የጠፋ ቦርሳ ፖሊስ ጣቢያ የሚገኝበት፣ ስደተኛ ሆነን ስንመጣ ቤት የሰጠን አገር ሕዝብ በአብዛኛው እሑድ ጠዋት ተኝቶ ነው የሚያረፍደው። ስዊድኖቹ ይህን ጠባይ ከዚያው ከካቴኪዝሙ ዘመን ወርሰውት ይሆናል የሚል ሰው አለ፤ እኔም በከፊል እቀበለዋለሁ። ይሁንና ለልጆቻችን «የማያምን ሰው ክፉ ነው» ብለን ስንነግራቸው አይቀበሉንም፤ ሰኞ ጠዋት አጠገባቸው የሚቀመጠውን ጓደኛቸውን ከእኛ በላይ ያውቁታልና።